ከ«ተመስገን» በፊት «ስለ»፦ ምስጋናን በስተርጅና የዕለት ልማድ የማድረግ መመሪያ

ጠዋት በር ላይ የተገናኙ ሁለት ሽማግሌዎች እንዲህ ይባባላሉ። «እንዴት አደሩ?» «እግዚአብሔር ይመስገን፤ እርስዎስ?» «ይመስገን፤ ደህና ነኝ።» የአንደኛውን ጉልበት ሌሊቱን ሙሉ ሲጠዘጥዘው አድሯል፤ ሁለተኛው ከልጁ ጋር ከተኳረፈ ሳምንቱ ነው። ሁለቱም አመስግነዋል፤ ስለ ምን እንዳመሰገኑ ቢጠየቁ ግን ይቸገራሉ። እኔም ከነዚህ አንዱ ነበርኩ። በ60 ዓመቴ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ በቀን ሃያ ጊዜ «ተመስገን» እያልኩ፣ በመካከሉ ያለውን ሰዓት ሁሉ በማማረር የማሳልፍ ሰው ሆኜ ነበር።

ሰላምታውን ለመንቀፍ አይደለም። «ተመስገን» ብዙ ቤት ያቆመች፣ ብዙ ኀዘን ያሻገረች ቃል ናት። ችግሩ እንደ በር መዝጊያም ማገልገሏ ነው፤ ጥያቄው እንዳይቀጥል እሷን ጣል አድርገን እናልፋለን። ከዚህ በታች የጻፍኩት ቃሏን እንደገና በር መክፈቻ ለማድረግ እኔና የዕድሜ እኩዮቼ የሞከርነውን፣ ጥቂት ደግሞ ተመራማሪዎች የደረሱበትን ነው።

አንደኛ፦ «ስለ»ን ያስቀድሙ

«ተመስገን» ከማለትዎ በፊት «ስለ» የምትለዋን ባለ ሁለት ፊደል ቃል ያስቀድሙ። አንዴ ከአፍዎ ከወጣች ዝም ማለት አይቻልም፤ የጎደለውን መሙላት ግድ ይሆናል። «ስለ ጤናዬ» ቢሉ ጥሩ ነው፤ ግን ገና ሰፊ ነው። «ዛሬ ደረጃውን ሳላርፍ ስለ ወጣሁ»፣ «ሌሊት ውኃ መጥቶ በርሜሉ ስለ ሞላ»፣ «ታክሲ ውስጥ ያ ጉትቻ ያደረገ ጎረምሳ ሳልጠይቀው ወንበሩን ስለ ለቀቀልኝ» ይሻላል። ስለ ጉትቻው ያለኝ አስተያየት እንዳለ ነው፤ ወንበሩን ግን ለቅቋል።

መመዘኛው ቀላል ነው። ትናንት ያሉትን ዛሬም ቃል በቃል መድገም የሚችሉ ከሆነ ምስጋናው ገና አልጠበበም ማለት ነው። ጉዳዩ ሰዓትና ቦታ፣ ቢቻልም ሰው ሊኖረው ይገባል።

ይህ ከውጭ የመጣ ነገር የመሰለው ካለ በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የሚጸለየውን የምስጋና ጸሎት፣ ጸሎተ አኰቴትን ያስታውስ። «ነአኵቶ ለገባሬ ሠናያት ላዕሌነ»፣ ማለትም «በጎ ነገር ያደረገልንን እናመስግነው» ብሎ ይጀምርና ወዲያው ምክንያቱን ይዘረዝራል፤ ሰውሮናልና፣ ረድቶናልና፣ ጠብቆናልና፣ አቅርቦናልና፣ ተቀብሎናልና፣ እስከዚህች ሰዓት አድርሶናልና እያለ። አባቶች ባጭሩ አላለፉትም፤ ግሥ በግሥ ቆጠሩት። «እስከዚህች ሰዓት» የሚለው ደግሞ ለእኛ ዕድሜ ሰዎች ተብሎ የተጻፈ ይመስለኛል።

ሁለተኛ፦ ካለዎት ልማድ ላይ ይንጠልጠል

ለምስጋና አዲስ ሰዓት አይፍጠሩ። በእኛ ዕድሜ አዲስ ልማድ ብቻውን አይቆምም፤ የቆየ ነገር መደገፍ አለበት። ቡና ለሚጠጣ ቤት መደገፊያው ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ነው። ስኒው ሦስት ጊዜ ይዞራል፤ ለእያንዳንዱ አንድ ምስጋና ይመድቡ። በአቦል ሰውነትዎን የሚመለከት ነገር፦ ዐይን፣ እግር፣ እንቅልፍ። በቶና አንድ ሰው። በረካ ላይ ሲደርሱ ደግሞ የቆየ ነገር ያውጡ፤ ከሃያም ከአርባ ዓመት በፊትም ቢሆን ግድ የለም። የሚያምረው ሦስተኛው ነው፤ ጨዋታው የሚደራው እዚያ ላይ ነውና።

በመጀመሪያው ቀን ሰው ሁሉ ያፍራል፤ ወይም ይቀልዳል። በእኛ ሰፈር ሲጀመር አንዲት ጎረቤታችን ለረጅም ጊዜ አስበው «ምጣዴ በዚህ ዓመት ባለመሰንጠቋ» አሉ፤ ሁላችንም ሳቅን። በኋላ ሳስበው ግን ከሁላችን የበለጠ በትክክል ያመሰገኑት እሳቸው ነበሩ። እኔ «ስለ ሰላሙ» ብዬ ነበር።

ሐኪም ቡና የከለከለው ሰው የመድኃኒት ሰዓቱን ይጠቀም። የግፊት ወይም የስኳር ኪኒን በየቀኑ የሚዋጥ ስለሆነ አይረሳም፤ ከተረሳም ምስጋናውን ፍለጋ ሲሉ ኪኒኑ ይታወሳል። ሙስሊም ወገኖቻችን ከሶላት በኋላ 33 ጊዜ አልሐምዱሊላህ ይላሉ፤ ከነዚያ በሦስቱ ላይ ቆም ብሎ አንዳንድ የዛሬ ነገር በልብ ማሰብ ይቻላል። ብቻዎን የሚኖሩ ከሆነ ደግሞ መብራት ከማጥፋትዎ በፊት በጣት መቁጠር ይበቃል። ሦስት ጣት ብቻ፤ አምስቱንም ለመሙላት መጨነቅ አያስፈልግም።

ሦስተኛ፦ በየቀኑ ይናገሩ፣ በሳምንት አንዴ ይጻፉ

ሮበርት ኤሞንስና ማይክል ማክካሎክ የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት አንዱን ቡድን በሳምንት አንድ ጊዜ የሚያመሰግንባቸውን እስከ አምስት የሚደርሱ ነገሮች ለ10 ሳምንት እንዲጽፍ አደረጉ፤ ሌላው ቡድን ያበሳጨውን ጻፈ። ምስጋና የጻፉት ስለ ሕይወታቸው የተሻለ ስሜት እንዳላቸው ተናገሩ። በዚያው ጥናት የነርቭና የጡንቻ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ለ21 ቀን በየቀኑ ሲጽፉ እንቅልፋቸውም ተሻሻለ። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ሶንያ ሊዩቦሚርስኪና ባልደረቦቿ ደግሞ ሌላ ነገር አዩ። በሳምንት አንድ ጊዜ የጻፉት ሲጠቀሙ፣ በሳምንት ሦስት ጊዜ የጻፉት ግን ያን ያህል አልተጠቀሙም። ሲበዛ የቤት ሥራ ይሆናል መሰለኝ። ስለዚህ የእኔ ምክር ለአፍ በየቀኑ፣ ለብዕር በሳምንት አንዴ ነው። እሑድ ወይም ዓርብ ይሁን፤ ቀኑ ግን አይለዋወጥ።

ደብተሩ ውድ መሆን የለበትም፤ የልጅ ልጅዎ ጀምሮ የተወው ባለ 32 ገጽ ይበቃል። ወፍራም የሚጽፍ ብዕር ይምረጡ፤ በአንድ መስመር ፈንታ በሁለት መስመር ይጻፉ፤ ያለ መነጽርም እንዲነበብ። ቀኑን ከላይ ያስቀምጡ። ዐረፍተ ነገሩ ማማር የለበትም። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል የቆጠሩ እናቶች «ልጄ ደወለ። ሳቀ።» ብለው ቢጽፉ ሙሉ ነው።

መጻፍ ለማይችል ወይም እጁ ለሚንቀጠቀጥ ሰው ጣሳና ሽምብራ አለለት። አንድ ምስጋና በተናገሩ ቁጥር አንድ ሽምብራ ጣሳው ውስጥ ይጨምሩ፤ በሳምንቱ መጨረሻ አፍስሰው እየቆጠሩ የእያንዳንዱን ያስታውሱ። ሁሉም አይታወሱም፤ ግድ የለም። የልጅ ልጆች ቆሎ አድርገው እንዳይበሏቸው ብቻ ጣሳውን ከፍ ያለ ቦታ ያስቀምጡ። የተሻለው ግን ልጁን ራሱን ጸሐፊ ማድረግ ነው። አያቱ ስለ ምን እንደሚያመሰግኑ በእጁ የጻፈ የ10 ዓመት ልጅ ስለ አያቱ ቀድሞ ያላወቀውን ብዙ ነገር ያውቃል።

«ዕድሜስ ያረዝማል?» የሚል ጥያቄ በዚህ ላይ ሁልጊዜ ይነሣል። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት አማካይ ዕድሜያቸው 79 የሆነ 49,275 ሴት ነርሶችን ተመልክቷል። የማመስገን ዝንባሌያቸው ከፍተኛ የሆነው ዝቅተኛ ከሆነው ጋር ሲነጻጸር በአራት ዓመት ገደማ ውስጥ የመሞት ዕድላቸው በ9 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ይህ ግን ምስጋናው ራሱ እንዳቆያቸው አያረጋግጥም፤ ደህና የሆነ ሰው ማመስገን ስለሚቀልለውም ሊሆን ይችላል። ተመራማሪዎቹ የጤና ሁኔታንና ሌሎችን ነገሮች በስሌታቸው ከግምት ለማስገባት ሞክረዋል፤ ያም ሆኖ መድኃኒትዎን ጥለው ደብተር እንዳይዙ።

አራተኛ፦ በቤት ውስጥ ያለውን ሰው ያመስግኑ

እዚህ ላይ ጠንከር ልበል። እግዚአብሔርን ማመስገን አይከብደንም። የሚከብደን ፊታችን የቆመችውን ምራት ማመስገን ነው። ነቢዩ ሙሐመድ «ሰዎችን የማያመሰግን አላህን አያመሰግንም» ማለታቸው በሐዲስ ይነገራል፤ ክርስቲያኑም ቢሆን ይህን ለመቃወም የሚያነሣው ነገር ያለ አይመስለኝም።

ለምን ይከብደናል? አንደኛው ምክንያት አስተዳደጋችን ነው። «ልጅ ሲያመሰግኑት ይበላሻል» ተብለን ነው ያደግነው፤ አባቴ እኔን አመስግኖኝ አያውቅም፤ ለጎረቤት ግን ሲያሞካሸኝ ሰምቻለሁ። ሁለተኛውና ጠለቅ ያለው ምክንያት ሌላ ነው። ማመስገን መቀበልን ማመን ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ሲያበላ፣ ሲያለብስ፣ ወላጆቹን ሲጦር የኖረ ሰው ራሱ ተጧሪ ሲሆን አፉ ይያዛል። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ቢል እጁ ባዶ መሆኑን የመሰከረ ይመስለዋል። ስለዚህ ዝም ይላል፤ ወይም ይባስ ብሎ ይነጫነጫል። ጭቅጭቃችን ውስጥ ስንቱ ያልተነገረ ምስጋና እንደሆነ እኛው እናውቃለን።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ስሟን ይጥሩ። ቀጥሎ ያደረገችውን ይናገሩ። ከዚያ ያስገኘልዎትን ይጨምሩ። በመጨረሻ ይመርቁ። «ልጄ፣ ትናንት ማታ እግሬን በሞቀ ውኃ ስላጠብሽልኝ ሳልነቃ አደርኩ። እጅሽ ይባረክ።» ምርቃት የእኛ ዕድሜ ሀብት ነው፤ ወጣት አይመርቅም፤ ቢመርቅም አያምርበትም። ግን ምርቃቱ ብቻውን ሲሆን ልክ እንደ «ተመስገን» ከልማድ ይወጣል። «ተባረኪ፣ ተባረኪ» እያልን ፊታችንን ቴሌቪዥኑ ላይ ተክለን እንቀራለን።

እኔ ይህን የጀመርኩት በምራቴ ነው። ምሳ እየቀረበ ሳለ «ሽሮው ላይ ጨው የቀነስሽው ለግፊቴ ብለሽ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ቤትሽ ይሙላ» አልኳት። ጭልፋውን አስቀምጣ አየችኝ። «አባባ፣ አሞዎታል እንዴ?» አለችኝ። ማታ ልጄ ሲመጣ በሹክሹክታ ነገረችው፤ እሱም መጥቶ ግንባሬን ዳሰሰ። ሊሰናበተን ነው ብለው ነው። በሁለተኛው ሳምንት መደንገጧን ተወች። በሦስተኛው ምሳ ስታቀርብ አጠገቤ ቁጭ ብላ የመሥሪያ ቤቷን ወሬ ታጫውተኝ ጀመር፤ በስድስት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው ነበር።

ከሚበላሽባቸው መንገዶች ዋነኛው «ግን» ነው። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ግን ትንሽ ዘገየሽ» ማለት ምስጋና አይደለም፤ ወቀሳ ሆኖ ነው የሚደርሳት። የሚወቀስ ነገር ካለ ለሌላ ቀን ይደር። ሌላው ማነጻጸር ነው። «ከወንድምህ አንተ ትሻለኛለህ» ሲሉ አንዱን አመስግነው ሁለት ወንድማማቾችን ያጣላሉ፤ ነገሩም ከእርስዎ ቀብር በኋላ ውርስ ላይ ሳይቀር ይነሣል። የቤት ሠራተኛንም አይርሱ። ደመወዝ ስለሚከፈላት ምስጋና አይገባትም የሚል ሰው አለ፤ ምስጋና ስላገኘች ደመወዟ ቢዘገይ ምንም አይደል የሚልም አለ። ሁለቱም ተሳስተዋል።

ባለቤትዎስ? ከ40 ዓመት ትዳር በኋላ «ታውቀዋለች» ይባላል። አታውቀውም። ይንገሯት።

አምስተኛ፦ የቆየ ውለታ ይፈልጉ

የሥነ ልቦና ተመራማሪው ማርቲን ሰሊግማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት ሰዎች በሚገባ አመስግነውት ለማያውቁት ሰው ደብዳቤ ጽፈው በአካል እንዲያደርሱ አደረጉ። ደስታቸው በጣም ጨመረ፤ ከወር በኋላም ይታይ ነበር፤ ሦስት ወር ሲሞላ ግን ደብዝዟል። ከዚህ የምረዳው በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ መደረግ ያለበት ነገር መሆኑን ነው።

ወረቀት ያውጡና በሕይወት ያሉ የሦስት ሰዎችን ስም ይጻፉ። የሰባተኛ ክፍል መምህር፣ ዋስ ሆኖ ሥራ ያስገባዎት ሰው፣ እርስዎ ሆስፒታል ተኝተው ሳለ ልጆችዎን ያበላች ጎረቤት። የእኛ ትውልድ ከዚህም የከበደ ዕዳ አለበት፤ በቀይ ሽብር ጊዜ በር ከፍቶ ያሳደረን ሰው ያለን ጥቂት አይደለንም። ያን ጊዜ ምስጋና መናገር ራሱ አደጋ ነበር፤ በኋላም ጊዜው አለፈ ብለን ተውነው።

ከሦስቱ አንዱን ይምረጡና ቀጠሮ ይያዙ። ግማሽ ኪሎ ቡና ወይም ስኳር ይዘው ይሂዱ፤ ከዚያ አይብለጥ። ትልቅ ስጦታ ከሆነ ብድር መመለስ ይመስልና ሰውየው ይጨነቃል። ከሻይ በኋላ የተደረገልዎትን ከነዓመቱ ይናገሩ። ሰውየው «ኧረ እኔ አላስታውሰውም» ሊል ይችላል፤ አይቀየሙ፤ ለእሱ ትንሽ ነገር ነበር። «ያፍር ይሆን? ሞኝ እመስል ይሆን?» ብለው ከፈሩ ደግሞ ተመራማሪዎቹ አሚት ኩማርና ኒኮላስ ኤፕሊ እ.ኤ.አ. በ2018 ያሳተሙትን ይስሙ። የምስጋና ደብዳቤ የጻፉ ሰዎች ተቀባዩ ምን ያህል እንደሚደሰት አሳንሰው ገምተው ነበር፤ ምን ያህል እንደሚያሳፍረው ደግሞ አጋንነው።

ሰውየው ውጭ አገር ከሆነ በዋትስአፕ ወይም በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ይላኩ። ድምፅ ከጽሑፍ ይበልጣል፤ መነጽር አይፈልግም፤ ደግሞ ደጋግመው ያዳምጡታል። ዋሽንግተን ከአዲስ አበባ በ7 ወይም በ8 ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነች ጠዋት በቡና ሰዓት የላኩት እዚያ ሌሊት ይደርሳል። የልጅ ልጅ ለማሳደግ አሜሪካ ሄዳችሁ ቀኑን ሙሉ በፎቅ ቤት ከመስኮት ውጭውን የምታዩ እናቶችም ይህን አድርጉት። አገር ቤት ቤታችሁን የሚጠብቀው፣ እድራችሁን የሚከፍልላችሁ ሰው ማን ነው? ለእሱ ላኩለት።

ባለውለታው ሞቶ ከሆነ ለልጁ ይንገሩ። «አባትሽ በእንዲህ ያለው ዓመት እንዲህ አድርጎልኝ ነበር» የሚል ቃል የሰማች ልጅ ከአባቷ አንድ ነገር አዲስ ትወርሳለች።

ስድስተኛ፦ ማመስገን የሌለብዎትን ጊዜ ይወቁ

ኀዘን ላይ ከሆኑ ሽምብራ አይቁጠሩ። ልጇን ለቀበረች እናት «ሌላው አለልሽ እኮ፣ አመስግኚ» የሚል ሰው በየለቅሶው አይጠፋም፤ እርስዎ ያ ሰው እንዳይሆኑ። ምስጋናን ለራስ እንጂ ለሌላ ሰው ማዘዝ አይቻልም። ዳዊት የሚደግም ሰው ያውቀዋል፤ በመዝሙሩ ውስጥ ከምስጋናው ጎን ዋይታውም አለ፤ ማንም ከዚያ አላወጣውም።

ሐኪም ፊት ደግሞ «ተመስገን» ብለው እንዳይወጡ። «እንዴት ነዎት?» ሲባል ከልማድ «ደህና፣ ተመስገን» እንላለን፤ ካርዱ ላይም ደህና ነው ተብሎ ይጻፋል፤ ጉልበቱም፣ ማዞሩም፣ ሌሊት አራት ጊዜ ለሽንት መነሣቱም ሳይነገር ተመልሰን ቤት እንገባለን። ወደ ጤና ጣቢያ ሲሄዱ ሦስቱን ሕመሞች በወረቀት ጽፈው ይሂዱ። ምስጋናውን ለሐኪሙ ሲወጡ ይንገሩት።

ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ምንም ነገር ደስ የማይልዎት፣ እንቅልፍ እምቢ ያለዎትና ምግብ ያስጠላዎት፣ ወይም ሞትን የሚመኙ ከሆነ ነገሩ ምስጋና ቢስነት አይደለም። ድብርት ሕመም ነው፤ ይታከማል፤ ለሰው ይንገሩና ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። የጡረታ ገንዘብዎን የሚነጥቅዎት ወይም የሚያንገላታዎት ሰው በቤትዎ ካለም «ያም ሆኖ ይጦረኛል» ብለው ዝም አይበሉ። ለሚያምኑት ዘመድ ወይም ለእድሩ ዳኛ መናገር ውለታ መካድ አይደለም።

ለምትጦሩ ልጆች አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። አባታችሁን «ዛሬ ስለ ምን ታመሰግናለህ?» ብላችሁ አትፈትኗቸው፤ እናንተ ቀድማችሁ የራሳችሁን ተናገሩ፤ እሳቸው ይከተላሉ። እናታችሁ መርሳት ከጀመሩ ስለ ትናንት አትጠይቋቸው። ጤና አዳም እጃቸው ላይ አድርጉላቸው፤ ወይም የሠርጋቸውን ፎቶ ስጧቸው፤ የሚመጣውን ዝም ብላችሁ ስሙ።

ደብተሩን ጳጉሜን ላይ ያውጡት። ቀኖቿ 5 ናቸው፤ በዘመነ ሉቃስ 6 ይሆናሉ። በየቀኑ ጥቂት ገጾች ያንብቡና ስሙ ደጋግሞ የመጣውን ሰው ያስምሩበት፤ ለዕንቁጣጣሽ እሱ ዘንድ ይሂዱ። እኔ ባለፈው ጊዜ ስቆጥር አንደኛ የወጣው ልጄ አልነበረም፤ ምራቴም አልነበረችም። እግሬ ባበጠባቸው ወራት ጠዋት ጠዋት ዳቦ እቤቴ ድረስ ሲያመጣልኝ የነበረው የሱቁ ልጅ ነበር። ሄጄ ነገርኩት። «ኧረ ጋሼ፣ ዳቦ ነው እኮ» ብሎ ሳቀና ሁለት ዳቦ ጨመረልኝ። ልከፍል ብል እምቢ አለኝ፤ አዲሱ ደብተር በእሱው ስም ተጀመረ።